የበረንዳና የጓሮ አፈር አቀላቀልና አመጋገብ፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የምኖረው መሃል አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና በሶብላ አሉኝ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ቅጠሉን ነው። ቡና እስኪፈላ ግን ወሬው አፈሩ ላይ ይደርሳል። «ምን አድርገሽበት ነው?» ይሉኛል። ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ጀማሪ እጅ ላይ የሚሞት ተክል አብዛኛው የሚሞተው ሥሩ ታፍኖ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አየር፣ ምግቡ ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ከግቢ የቆፈርኩትን አፈር ብቻ በዕቃ ሞልቼ ብተክልስ?

እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ጥቁር አፈር ሁለት ጆንያ ገዛሁና ቲማቲም ተከልኩ። ጥቁር አፈር የቆየ ስሙ አለው፤ ጤፍ የሚያበቅል የተባረከ አፈር ነው ብዬ ነበር። አንድ ሳምንት ውሃ ሳጠጣው እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ሁለት ቀን ሳላጠጣው ስቀር ደግሞ ትንሿ ጣቴ እስክትገባ ድረስ ተሰነጠቀ። ውሃ ሳፈስበት በስንጥቁ ወርዶ ከታች ይወጣል፤ መሃሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ተክሉን ስነቅለው ላይ ላዩ ላይ ጥቂት ነጭ ሥሮች ነበሩ። ከታች ያለው ቡናማ ሆኖ ይሸታል።

ጥቁር አፈር፣ ዋልካ የምንለው፣ ሲርስ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሸበሸብ ሸክላ ነው። ማሳ ላይ ሲሆን ትሉ ይቦረቡረዋል፣ የአሮጌ ተክል ሥር መንገድ ይተውለታል፣ ውሃውም ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ባልዲ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ቀዩ አፈር ትንሽ ይሻላል፤ እሱም ብቻውን ዕቃ ውስጥ ሲገባ እየተጠቀጠቀ ይሄዳል።

አፈሬ ምን ዓይነት እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

የሃይላንድ ፕላስቲክ አምጡ። ሲሶውን በአፈሩ ሙሉት፣ ውሃ ጨምሩ፣ ጠንካራ አድርጋችሁ ነቅንቁና ቁጭ አድርጉት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከታች ይተኛል። ደለሉ በጥቂት ሰዓታት ይከተላል። ሸክላው ግን ውሃውን አደፍርሶ እስከ ማግስቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በማግስቱ ጠዋት ውሃው አሁንም ድፍርስ ከሆነ አፈራችሁ ሸክላ የበዛበት ነው። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ጥቁር ጥቁር ስብርባሪ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ነው፤ እሱ ሲበዛ ደስ ይበላችሁ።

ቅልቅሉ ስንት በስንት ነው?

ለጀማሪ የምመክረው ለማስታወስ የማይከብደውን ነው፦ እኩል ለእኩል። አንድ ባልዲ ቀይ ወይም የጓሮ አፈር፣ አንድ ባልዲ የተብላላ ብስባሽ ወይም ያረጀ ፍግ፣ አንድ ባልዲ ቀይ አሽ (አመድ ሳይሆን የተቦረቦረ ቀይ ጠጠር ነው፤ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ)። ያላችሁ ጥቁር አፈር ብቻ ከሆነ አፈሩን ግማሽ ባልዲ አድርጉት፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት።

አፈሩን መጀመሪያ በወንፊት ወይም በእጃችሁ እያሻችሁ ጓሉን ሰባብሩ። ሰፊ ላስቲክ ላይ ደርቡት፤ ከዚያ የላስቲኩን ጫፎች እየያዛችሁ ከወዲያ ወዲህ አገላብጡት። ሁለት ሰው ከሆናችሁ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ውሃ እየረጫችሁ ቀላቅሉና አንድ እፍኝ ጨምቁ። ትክክለኛው ቅልቅል ሲጨመቅ ቅርጹን ይይዛል፣ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ውሃ ከተንጠባጠበ በዝቷል። እንደ ሊጥ ተለንቅጦ ከቀረ ቀይ አሽ ይጎድለዋል።

ሌላ መፈተኛም አለ። ዕቃውን ሞልታችሁ አንድ ጊዜ አርሱት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ሊትር ውሃ አፍስሱ። ውሃው ላዩ ላይ ሳይቋጥር ገብቶ፣ ወዲያው ከታች ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ ሥሩ የሚተነፍስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ዕቃው ከታች ቀዳዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ሚስማር አግላችሁ ስድስት ሰባት ቦታ ብሱት።

ከታች ጠጠር ልደርድር?

አያስፈልግም። ውሃ ከደቃቁ አፈር ወደ ሻካራው ጠጠር ቶሎ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ተጠራቅሞ ይቆያል። ሥሩ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ቀዳዳው አፈር እንዳያወጣ ቁራጭ ጨርቅ ወይም መረብ ይበቃል።

ቀይ አሽ ምንድን ነው? አመድ ነው እንዴ?

ስሙ ያሳስታል። አመድ አይደለም፣ ድንጋይ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው፣ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ቀይ ጠጠር። ግንባታ ላይ መሬት ለመሙላት ሲያፈሱት ሁላችንም አይተናል። ውጭ አገር ለዚህ ሥራ በውድ የሚሸጡ ቀላል ጠጠሮች አሉ፤ እኛ አገር በስምጥ ሸለቆው ቸርነት ይህን በየመንገዱ እናገኘዋለን። አንድ ማዳበሪያ (ጆንያውን ማለቴ ነው፣ የከተማችን ሰው ጆንያውንም ማዳበሪያ ነው የሚለው) ለብዙ ዕቃ ይበቃል። ከሽምብራ ፍሬ እስከ ባቄላ ፍሬ የሚያህለውን ለዩ። ዱቄቱን በውሃ አጥባችሁ አውጡት፣ አለበለዚያ ቀዳዳውን ይደፍናል። ብሎኬት የሚሠሩበት ነጣ ያለው ፑሚስም ያው ሥራ ይሠራል።

አሸዋ ወይም ጭድ ብጨምርስ?

የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲመረግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሸክላ አፈር፣ ውሃና የጤፍ ጭድ ተረግጦ ይቦካል፤ ሲደርቅ ዓመታት ይቆማል። ዕቃችሁ ውስጥ ያንኑ ግድግዳ ነው የምትሠሩት። ጥሬ ጭድ ሌላም ጣጣ አለው። ሲበሰብስ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ እየሻሙ ይወስዳሉ፣ ተክሉም ይገረጣል። የጭድ ቦታው ላዩ ላይ ነው፤ እንደ ጉዝጓዝ ስትነሰንሱት እርጥበት ይይዝላችኋል። ደቃቅ አሸዋም ሸክላ ላይ በትንሹ ሲጨመር ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብስባሽ ማዘጋጀት ይቻላል? አይሸትም?

ይቻላል፤ በደንብ ከተያዘም አይሸትም። ጎረቤት ያማርራል ብላችሁ የምትፈሩ ከሆነ ይህን በእርጋታ አንብቡት።

ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች ያስፈልጋሉ። ጎናቸውንም ታቻቸውንም ብሱ። ከታች አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን አንጥፉ። የወጥ ቤት ተረፈ ምርት በጨመራችሁ ቁጥር ከላዩ እጥፉን ደረቅ ነገር አልብሱት። አንድ ጣሳ ልጣጭ ከገባ ሁለት ጣሳ ደረቅ ቅጠል ማለት ነው። ምስጢሩ ይኸው ነው። ልጣጩ ናይትሮጅን አለው፣ ደረቁ ካርቦን አለው። ረቂቅ ተሕዋስያኑ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው ደህና የሚበሉት። እንደ በሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ አገላብጡና ካርቶን ጨምሩ። እንደ ሽንት ከሸተተ ልጣጩ በዝቷል፤ መድኃኒቱ ያው ደረቅ ነገር ነው።

ምን ይግባ? የድንች፣ የሽንኩርትና የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ዘንግ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል። በዓል ሰሞን የዶሮ ወጡ የሽንኩርት ልጣጭ ብቻውን አንድ ባልዲ ይሞላል። ቤት የተጎዘጎዘው ቄጠማ ሲደርቅ አትጣሉት፣ ካርቶኑን ይተካል። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይግባ። ዘይቱና ጨው አፈሩን ይጎዳል፣ አይጥም ይጠራል። ሥጋና አጥንትም እንዲሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠልን ከላይ ከእንጦጦ በኩል የሚያመጡ አሉ፤ ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም፣ ሌላውንም ተክል ያቀጭጫል። ተዉት።

አንዱ ባልዲ ሲሞላ ዘግታችሁ ሁለተኛውን ጀምሩ። በሳምንት አንዴ የሞላውን አገላብጡ። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ከሦስት እስከ አምስት ወር ታገሡት። ደርሶ ሲያበቃ ልጣጩ አይለይም፣ ሽታውም ዝናብ የመታው ጫካ ነው። ባልዲ እንደ ትልቅ ክምር 55 ዲግሪ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ የቲማቲም ፍሬ አይሞትም። ከብስባሹ ችግኝ ቢበቅል አትደንግጡ።

የቡና አተላን በቀጥታ አፈሩ ላይ ላፍሰው?

ብዙ ሰው ከበረካ በኋላ ጀበናውን አበባው ላይ ይደፋል። ትንሽ ከሆነ አይጎዳም። የእኛ ቡና ግን ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ የሚፈላ ስለሆነ አተላው በጣም ደቃቅ ነው። በየቀኑ አንድ ቦታ ሲደፋ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፤ ከዚያ ውሃ አላስገባም ይላል። አንድ ቀን በጥፍሬ አንስቼው እንደ ቂጣ ተገነጠለልኝ። አተላውን ብስባሹ ውስጥ ጨምሩት። ትልም በጣም ይወደዋል። ስኳር ወይም ጨው የተጨመረበትን ቡና ግን ለተክል አታጠጡ።

ፍግ የትኛው ይሻላል? ትኩሱን መጠቀም እችላለሁ?

ትኩሱን አትጠቀሙ። ሥር ያቃጥላል፣ የሆድ በሽታም ያመጣል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ጥሬ ፍግ አፈር ከነካ በኋላ፣ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ አትክልት ከሆነ 120 ቀን፣ የማይነካ ከሆነ 90 ቀን ሳይሞላው እንዳይለቀም ያዛል። እኛ ሰላጣና ቃሪያ በጥሬው የምንበላ ሰዎች ይህን ልብ ማለት አለብን። በተለይ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ።

የከብት ፍግ ለስላሳና ለጀማሪ የሚሆን ነው፤ ቢያንስ ሦስት አራት ወር ተከምሮ የቆየውን ውሰዱ። የበግና የፍየል በጠጥ ደረቅ ስለሆነ ለመሸከም ይቀላል። የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ነው። ግማሽ ዓመት ቢቆይም ከብስባሹ አንድ አሥረኛ በላይ አታድርጉት። ያረጀ ፍግ እበት እበት አይሸትም፣ በእጅ ሲነካ ይፍረከረካል። ሻጩ «የቆየ ነው» ቢላችሁም እጃችሁን ከትታችሁ እዩት። ውስጡ የሚሞቅ ከሆነ ገና ነው።

ቀላቅዬ ወዲያው ልትከል?

ሦስት ሳምንት ብታስቀምጡት ደስ ይለኛል። በዚያ ጊዜ የጨመራችሁት ነገር ይብላላል፣ ሙቀቱ ይወጣል። እርጥብ እንደሆነ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ በዝናብ እንዳይታጠብ ሸፍኑት።

ከዚያ በአንድ ኩባያ አራት የባቄላ ፍሬ ዝሩበት። በሁለት ሳምንት ቀጥ ብለው ካደጉ አፈሩ ደህና ነው። ቅጠላቸው ከተጠማዘዘ ወይም ጫፉ ካረረ ፍጉ ገና ትኩስ ነው፤ አለበለዚያ ከብቱ ከበላው ጭድና ሣር ወደ ፍጉ የመጣ የአረም መድኃኒት አለበት። አራት ፍሬ ባቄላ ሙሉ የቃሪያ ችግኝ ያድንላችኋል።

በየስንት ጊዜ ልመግበው?

ጥሩ ቅልቅል የመጀመሪያውን ስድስት ሳምንት ራሱ ይመግባል። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ጣት ውፍረት ያለው ብስባሽ ላዩ ላይ ነስንሱ። አትቆፍሩት። ውሃውና ትሉ ያወርዱታል።

ቆስጣና ሰላጣ በዚህ ይጠግባሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ማበብ ሲጀምሩ ተጨማሪ ይፈልጋሉ። ለእነሱ የማውቀው ምርጥ ምግብ የኑግ ፋጉሎ ነው። የከብት መኖ የሚሸጡበት ታገኙታላችሁ። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ይህ ጥቁር ቂጣ ፕሮቲን የሞላው ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ ሲበሰብስ ናይትሮጅን ይሰጣል። ሙቀጫ ውስጥ ውቀጡት። ለ20 ሊትር ዕቃ በወር አንድ የቡና ስኒ ይበቃል። ከግንዱ አራት ጣት ርቃችሁ በትኑት፣ አፈር አልብሱት። ሳታለብሱት ከቀራችሁ ይሻግታል፣ ዝንብም ይወረዋል። ጥሩ ነው ብላችሁ ሁለት ስኒ አታድርጉ፤ ቲማቲሙ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የፍግ ውሃም ይሠራል። ያረጀ ፍግ በጨርቅ ቋጥራችሁ አምስት እጥፍ ውሃ ውስጥ አንድ ሳምንት ዘፍዝፉ። ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥኑትና ከሥሩ ብቻ አጠጡ። በጥሬው የምትበሉት ቅጠል ላይ በፍጹም አትርጩ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲከፋ አመጋገቡን በግማሽ ቀንሱ። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ሕይወትም ቀስ ይላል፤ የሰጣችሁት ሳይበላ ይቀመጣል። በክረምት ደግሞ ዕቃውን ዝናብ ከሚያጥበው ቦታ አንሱት።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ምን ልስጠው?

መጀመሪያ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ጭቃ ከሆነ ምንም አትስጡት፣ ውሃውን አቁሙ። እርጥበቱ ደህና ሆኖ ቢጫው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጀመረ ናይትሮጅን ነው የጎደለው፤ ብስባሽ ወይም የፍግ ውሃ ስጡት። ቅጠሉ ወይን ጠጅ መልክ ከያዘ ብዙ ጊዜ ብርድ ነው፤ ፎስፎረሱ ኖሮ እንኳ ሥሩ አይስበውም። ጠርዙ ካረረና አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካለ ከልክ በላይ መግባችኋል። የቲማቲሙ ፍሬ ቂጡ ከጠቆረ ካልሲየም አልደረሰውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ውሃው አንድ ቀን ጎርፍ፣ ሦስት ቀን ድርቅ መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የተለመደ ነው። አንድ ጄሪካን ለተክሉ ብቻ አስቀምጡለት።

አመድና የእንቁላል ቅርፊትስ?

የከሰል ወይም የእንጨት አመድ ፖታሺየምና ካልሲየም አለው፣ የአፈሩንም አሲድነት ይቀንሳል። ለ20 ሊትር ዕቃ በዓመት ሁለቴ አንድ የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። ከፍግ ውሃ ጋር በአንድ ቀን አትስጡ፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል። ላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተቃጠለበትን አመድ አርቁት። የእንቁላል ቅርፊት አድርቃችሁ እንደ ዱቄት ካልወቀጣችሁት ለዓመታት እንዳለ ይቀመጣል።

ትንሽ ዩሪያ ብጨምርበት ምን አለበት?

ዩሪያ መርዝ አይደለም፤ ስንቱ ገበሬ የሚኖርበት ነው። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለሄክታር የሚለካ ነገር ለአንድ ባልዲ ሲሆን ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስሕተት ሥር ያቃጥላል። አፈሩንም አያላላውም፣ ትሉንም አይቀልብም። የዕፅዋት ሳይንቲስቶቹ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር የሠሩት የኮምፖስት ሥራ በእኛው አፈር፣ በእኛው ሰብል ብስባሽ ምን ማድረግ እንደሚችል አሳይቷል። እሱ በማሳ ላይ ከሠራ በባልዲ ላይ ይሠራል።

አፈር ከየት አልውሰድ?

ይህን እባካችሁ እንደ ቀላል አትዩት። ከወንዝ ዳር አትውሰዱ። ከተማችንን አቋርጠው ወደ አቃቂ የሚወርዱት ወንዞች የፋብሪካና የፍሳሽ ቆሻሻ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ከባድ ብረቶቹ ደለሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ቅጠላ ቅጠልም ይስባቸዋል። ብስባሽ አያጠፋቸውም። ጋራዥ የነበረበት ቦታም እንዲሁ። አሁን መሃል ከተማ ብዙ ቤት ስለፈረሰ የፈረሰበት አፈር በነጻ ይገኛል። ሲሚንቶ፣ ኖራ፣ አሮጌ ቀለምና ጠርሙስ አለበት። በነጻ ቢሆንም ይቅርባችሁ። ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ አፈሩ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ግዙ።

ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠልም እንዲሁ ይመገቡ?

አይመገቡ። ድሃና ውሃ የማይዝ አፈር ይወዳሉ። ቀይ አሹን እጥፍ አድርጉላቸውና ተዉአቸው። ሲጠግቡ መዓዛቸው ይቀንሳል።

ያረጀውን አፈር ልጣለው?

በፍጹም። ሥሩን አውጡ፣ ሩብ ያህል አዲስ ብስባሽ ጨምሩ፣ ሁለት ሳምንት አሳርፉት። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንዱ በሽታ ሌላውን ይይዛል። ስለዚህ በቲማቲሙ ቦታ ቆስጣ ይግባ።

በረንዳዬ ክብደቱን ይችላል?

20 ሊትር እርጥብ አፈር 25 ኪሎ ገደማ ነው። አሥር ዕቃ ሩብ ቶን ሆነ ማለት ነው። በአንድ ጥግ አትከምሩ፣ ግድግዳውን ተከትላችሁ ደርድሩ። ከታች ጎረቤት ካለ ዕቃው ሥር ሰሃን አድርጉ፤ ልብስ ያሰጣ ሰው የፍግ ውሃ ሲንጠባጠብበት መቀያየም ይመጣል።

መቼ ልጀምር?

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀላቅሉ። ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ሸፍናችሁ አሳርፉት። ጳጉሜ ላይ ባቄላውን ዝሩ። ባቄላው ደህና ከሆነ መስቀል ሲደርስ ቆስጣና ሰላጣ ትከሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቲማቲም እነሱ ይቀላሉ። ለእንቁጣጣሽ ቤት የጎዘጎዛችሁትን ቄጠማ ስትጠርጉ በጆንያ አስቀምጡት። ችግኙ እንደተተከለ ዙሪያውን ሁለት ጣት ያህል አልብሱት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ።